ጀልባው ባዶ የሚሆንበት ወር

ወደ የመን የሚያሻግረን ደላላ የማዕበሉን ወር እያወቀ ልጄን ሰይድን ጀልባ ላይ አሳፈረው። በደሉ ይህ ነው፤ ይጻፍልኝ። አቃቂ የቀረችው የልጅ ልጄ ራሕማ «አባትሽን ባሕር ወሰደው» ብቻ እየተባለች እንዳታድግ።

ከአቃቂ የወጣነው ሰይድ ለዘመቻ ሊወሰድ ሲል ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ለእናት አገር ይፈለጋል» አለኝ።

«ያንተስ ልጅ?»

«እሱ ይማራል።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በአንድ የወሎ ልጅ የጭነት መኪና፣ በሽንኩርት ጆንያ መካከል ተቀምጠን ወጣን።

የጅቡቲ ጠረፍ ስንደርስ ጥቅምት ነበር። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ አፍ ይጋረፋል፤ ሰማዩ ግን ጠርቷል። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች በሙሉ አሸዋው ላይ ተገልብጠዋል። ውሃው ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የእኛው።

«ሌሎቹ ከውሃው ለምን ወጡ?» አልኩት ደላላውን።

«እያረፉ ነው፣ እማማ።»

ሰይድ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ቀን ብንቆይስ?» አለኝ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ወንዙ አጥር የሚጠርገው በነሐሴ ነው፤ መስቀል ካለፈ ሰማይ ማንን አስፈራርቶ ያውቃል? «ክረምቱ አልፏል፣ ተሳፈር» አልኩት። ይህንንም ጻፉት።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ጠቆረ። ነፋሱ ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ይሽከረከራል። ሰይድ በነጠላዬ ከምሰሶው ጋር አሰረኝ። ለእሱ ማሰሪያ አልተረፈም።

የመን ስደርስ የስደተኞች መዝጋቢው በአስተርጓሚ፣ «ብቻዎን ነው የመጡት?» አለኝ።

«ከልጄ ጋር ነው የተነሣሁት።»

«ቅጹ የሚጠይቀው ስለደረሰ ሰው ነው።»

«ብቻዋን» ብሎ ጻፈ።

አሁን ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ለሑሕ የሚሉት ምግባቸው ዓይኑ እንደ እንጀራችን ነው፤ አፌ ውስጥ ሲገባ ግን እንግዳ ይሆንብኛል። ጎረቤቴ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። አውሎ ነፋሱ ከሕንድ ባሕር የሚነሣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው አሉኝ፤ በግንቦትና በሰኔ፣ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር። «ይህን እዚህ ሕፃን ያውቀዋል።»

ዘንድሮ ደላላውን እዚሁ ዓሣ ገበያ አገኘሁትና ክንዱን ያዝኩት።

«ወሩን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጫንከን?»

ክንዱን ለማስለቀቅ እንኳ አልሞከረም።

«እማማ፣ በደህናው ወር ጀልባው ዓሣ ይጭናል።»