ቅቤ የማይጠጣ ቆዳ

«ሃያ ዓመት ኮርቻ ስሰፋ ቅቤ የሚተፋ ቆዳ አይቼ አላውቅም! አንተ ስማቸው፣ ይሄ የምን ከብት ነው?»

ጋሽ ደምለው ናቸው፣ ቢቸና ገበያው ጫፍ፣ ደጃፋቸው ላይ። ወስፌውን በጥርሳቸው ነክሰው ስለሚናገሩ «ስማቸው» ሲሉ ያፏጫሉ።

የወረዳው ገዢ የበቅሎ ኮርቻ የሳቸው እጅ ሥራ ነው። በቅሎ የሚጭን ሰው እየቀነሰ መኪና ሲበዛ ጊዜ የመኪና ወንበር ማልበስ ጀመሩ። ቆዳ ሲገዙ ያሸታሉ፣ በጥፍራቸው ይጭራሉ፣ ጫፉን ይልሳሉ፤ ሻጩን ደግሞ ዓይን ዓይኑን ያያሉ።

ስማቸው ከቢቸና ሞጣ ተሳፋሪ የሚያመላልስ የላንድሮቨር ሾፌር ነው። ከሞጣ ነጋዴ ቆዳ ነው የተባለ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቅል ገዝቶ «ወንበሩንም የበሩን ውስጥም አልብሱልኝ» ብሎ አመጣ። ጋሽ ደምለው እየጠረጠሩም ሰፉት። ሲጨርሱ እንደ ኮርቻ ቅቤ ቀቡና ፀሐይ ላይ ተዉት። ጠብታ አልጠጣም። በማግስቱ እትዬ ይርጋነሽ ነጭ ቀሚስ ለብሰው በዚሁ መኪና ሞጣ ክርስትና ሲሄዱ ዳገቱ ላይ ወንበሩን ከጫፍ ጫፍ ተንሸራተቱበት። ሲወርዱ ቀሚሳቸው ከኋላ በቅቤው ሌላ መልክ ይዟል። አሁን አገሩ ሁሉ የሚያማው ጋሽ ደምለውን ነው፤ የነጋዴውን ስም የሚያነሳ የለም።

«ቆዳማ ቆዳ ነው» አለ ስማቸው። «የውጭ አገር ነው። ቅባቱን እዛው ጠጥቶ ጠግቦ ነው የመጣ።»

«ፀጉሩ የበቀለበት ቀዳዳ የታለ? ጀርባውስ ለምን ጨርቅ ሆነ? ከብቱ ካኒቴራ ለብሶ ነው የታረደ?»

«ባለሙያው እርስዎ ነዎት።»

«ከነጋዴው ጋር መክራችሁ ነው ስሜን ልታጠፉ።»

«ኧረ በማርያም፣ ጋሽ ደምለው።»

ተወራረዱ። የቀዩን ትርፍራፊ ቅቤው እንዲለቅ በሳሙና አጥበው ከላም ቆዳ ቁራጭ ጋር ለጎረቤት ውሻ ሊጥሉለት። ቀዩን ከበላው ቆዳ ነው፤ ጋሽ ደምለው ተሳፋሪው ፊት ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው» ይላሉ። ካልበላው ስማቸው እዛው ቆሞ «ጥፋቱ የሳቸው አይደለም» ይላል፤ እትዬ ይርጋነሽ ቤትም ሄዶ ይደግመዋል።

ውሻው አሸተተ፣ ሁለቱንም ባንዴ ነከሰና በአጥሩ ሥር ሾልኮ ባህር ዛፉ ውስጥ ገባ። አጥሩን ዞረው ሲደርሱ አፉ ባዶ ነው፤ እግሩ አፈር በአፈር።

«ቀዩንም በላው» አለ ስማቸው።

«ቀዩንማ ቀበረው» አሉ ጋሽ ደምለው፣ ተንበርክከው በወስፌያቸው አፈሩን እየወጉ። ከወዲያ ተሳፋሪው ሾፌር የት ሄደ እያለ ይጣራል። ስማቸው አልሄደም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«መጀመሪያ ኪስዎን ያሳዩኝ» አላቸው። «ሌላ ቀይ ቁራጭ ጥለው አገኘሁት እንዳይሉኝ።»