ደህና ነኝ ባዩ ባሌና ይግባኙ

ባሌን የጣለው ሰላምታ ነው። የሕክምና ቦርድ ፊት በቀረበ ጊዜ ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲሉት፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አለ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከውጭ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁት። ግንባር ላይ አጠገቡ በፈነዳ ከባድ መሣሪያ የተነሳ ራሱን እያመመው ከሠራዊቱ የተሰናበተ ሰው፣ የጉዳት ጡረታ ይገባዋል አይገባውም ተብሎ ሊመረመር ገብቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ደህና ነኝ ብሎ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ውሳኔ ከሥራ የሚያግድ ጉዳት አልተገኘበትም ይላል። ምን ይበሉ ታዲያ? ሰውየው በገዛ አፉ ነግሯቸዋል።

ቤታችን ቀጨኔ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ያለችው እሱ ከሚተኛበት ክፍል ማዶ፣ በቀጭን ግድግዳ ተለይታ ነው። ባሌ ድንገት ዝም ካለ የራስ ምታቱ መምጣቱ ስለሆነ መኪናዬን አቆማለሁ፣ መጋረጃውን እስባለሁ። ብርሃን አይችልም። የወጥ ሽታ ያጥወለውለዋል። ጆሮው ይጮሃል፣ ፊቱ አመድ ይመስላል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው» ይለኛል። በማግስቱ ደግሞ እጁም እግሩም ሙሉ፣ ቁመናው ሚዜ የሚያስመርጥ ሰው ሆኖ ሰፈር ውስጥ ይታያል። ሁለት ቦታ ጥበቃ ተቀጥሮ ሁለቱንም ሲተው፣ አንዳንዱ ይጠጣል አለ፣ አንዳንዱ ሥራ ጠልቶ ነው አለ። መንፈስ ነው ያሉም ነበሩና እንጦጦ ወጥተን ጠበል ተጠመቅን። ጠበሉ ልቡን አረጋጋለት፤ ራስ ምታቱ ግን መመላለሱን አልተወም።

ይግባኝ እንበል ስለው አሻፈረኝ አለ።

«እግራቸውን ያጡ ጓደኞቼ በተሰለፉበት እኔ ራሴን አመመኝ ልበል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

«መድኃኒቱንማ እየዋጥኩ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነው ያገባሁት።

ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኩት፤ በመጨረሻ ለእኔ ሲል እሺ አለና ይግባኙን አስገባን። ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ከምሳ በኋላ እኔ መነጽሬን አድርጌ ሐኪም እሆናለሁ። «እንዴት ነዎት?» እለዋለሁ። «እግዚአብ...» ብሎ ሲጀምር በጨርቅ መለኪያዬ ጉልበቱን ቸብ! «አሞኛል በል!» «እሺ፣ እ... ትንሽ አሞኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሁለታችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ስጋቴ ይመለስ ነበር። ይግባኙ ከወደቀ ሌላ የምንሄድበት በር አልነበረንም፤ የሰፈሩም ሰው ይሄው፣ መንግሥትም አላመነውም ሊል ነው።

በቀጠሮው ቀን ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ተነሳ። ምናለ ዛሬ እንኳ ብትጎሳቆል ብዬ ብለምነው አልሰማኝም። ደግነቱ በዚህኛው ቦርድ አብሬው እንድገባ ፈቀዱልኝ። ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል፤ መካከል ላይ ያሉት ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው።

«እንዴት ነዎት፣ ሃምሳ አለቃ?» አሉት።

ባሌ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ! ይሄ ሰው ነፍሱ እየወጣችም ደህና ነኝ ነው የሚለው። በእመቤቴ፣ ሌላ ነገር ይጠይቁት!» ሳላስበው ጮኼ ነበር። ከዳር የተቀመጡት ሐኪም ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ባሌ አንገቱን ደፋ።

ሴትዮዋ አልሳቁም። እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩት።

«ሠራዊቱ ውስጥ ሥራዎ ምን ነበር?»

«የሬዲዮ ግንኙነት።»

«እንግዲያው መጨረሻ ያመመዎትን ቀን ሪፖርት ያድርጉልኝ። የት ነበሩ? ምን ሆነ? ምን አደረጉ?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ ሁሉ ተለወጠ፤ እኔ የማላውቀው የሥራ ድምፅ ነበር።

«ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከቁስቋም ማርያም በታች ባለው መንገድ። መጀመሪያ ግራ ዓይኔ ጨለመ። ቀጥሎ ግራ እጄ ደነዘዘ። ከዚያ ራሴን ወጋኝ፣ አስመለሰኝ። ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ጠፋኝ። የሰው አጥር ሥር ተቀምጬ ጠበቅሁ። መንገዱ ትዝ ሲለኝ ተነስቼ ሄድኩ።»

«መንገድ ሲጠፋብዎ የመጀመሪያ ጊዜ ነው?»

«አይደለም። ጥበቃውን የተውኩትም ለዚህ ነው። መሣሪያ ይዤ እንደዚያ ብሆን ሰው እጎዳለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ማክሰኞ እኮ የጥንት ጓደኛ አግኝቼ ስንጫወት ቆየን ብሎኝ ነው የገባው! ሕመሙን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ስል፣ ለካ እኔም የማውቀው ቤት ይዞት የሚመጣውን ትርፍራፊ ብቻ ኖሯል። እዚያው ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ዶክተሯ ለእኔ ውኃ አስመጡልኝና እሱን መጠየቃቸውን ቀጠሉ። አንዱንም ሳይዘል መለሰላቸው።

ወደ ነርቭ ሐኪም ላኩት፤ ተመረመረ፣ ውጤቱም ተጠበቀ። ውሳኔው ሲመጣ ወረቀቱን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ፤ ፊደሎቹ ይዘሉብኛል አለ። በር ላይ ቆሜ አነበብኩለት። ሕመሙ በግዳጅ ላይ በደረሰ ፍንዳታ የመጣ መሆኑ ተረጋግጧል፣ ጡረታውም ተፈቅዷል ይላል። ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት።

«ስለዚህ እውነት ነው ያመመኝ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሰው ሁሉ ደህና ነህ ሲለኝ፣ እኔም ሰንፌ ይሆን እያልኩ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።»

ልመታውም ላቅፈውም አማረኝ። አቀፍኩት። እፎይ ብዬ የተነፈስኩት ያን ጊዜ ነው፤ ትንፋሼን ስንት ዘመን ይዤው እንደነበር እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ መጀመሪያ የመጣበት ቀን፣ ገና ዓይኑ መጨለም ሲጀምር እየተደገፈ ገባ። «መጣብኝ፣ ያዢኝ» አለኝ። ይዤ አስተኛሁት። ጥቂት ቆይቶ አቃሰተ፤ በትዳራችን ሲያቃስት የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ ከበር ሆና «ባለቤትሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «አሞታል» አልኳት፣ «ድምፃችንን እንቀንስለት።» ባሏ አልጋ ላይ እያቃሰተ ደስ አላት ብሎ ሰው ይታዘበኝ ይሆናል። ይታዘበኝ፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።