የቲቤቶች ሰላምታ

የሥራ ባልደረባዬ ቴንዚን ቲቤታዊ ነው። ለአዲስ ዓመታቸው ቻምበርስ ሮድ የሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው አፓርታማው ጋበዘኝ። ሽማግሌ አባቱ አብረውት እንደሚኖሩ ስለማውቅ፣ እንዳላፍር ብዬ የአገራቸውን ሰላምታ ኢንተርኔት ላይ አጠናሁ። ለካ ኮፍያ አውልቆ ምላስ ማውጣት ነው።

ቴንዚን በሩን ከፍቶ አስገባኝና ቅቤና ጨው የሚገባበትን ሻያቸውን ሊያመጣ ወደ ኪችን ሄደ። እኔም ሶፋ ላይ ለተቀመጡት አባቱ ጎንበስ ብዬ ምላሴን አወጣሁ።

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና መነጽራቸውን አደረጉ። ተነሥተው እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። አገጬን ቀና አድርገው፣ ምላሴን ይበልጥ እንዳወጣው በጣታቸው አሳዩኝ። አወጣሁት። ከዚያ የእጄን አንጓ ይዘው ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን እንላቀቃለን፤ እነዚህ ግን ለሰላምታ ጊዜ ይሰጣሉ ብዬ ተደነቅሁ።

ምራቄ ሸሚዜ ላይ መንጠባጠብ ሲጀምር ቴንዚን ሻዩን ይዞ ገባና ክው ብሎ ቀረ። አባቱ በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ነገሩት።

“ምን አሉ?” አልኩት፣ ምላሴን ሰብስቤ።

“አባቴ የባህል ሐኪም ናቸው” አለኝ። “ጨጓራህ ታሟል። ነገ ጠዋት ሽንትህን ይዘህ እንድትመጣ ብለዋል።”