ከባሕር ዳር ፍኖተ ሰላም፤ መብረቅ የሚሳፈርባትን መኪና ፍለጋ

ቅዳሜ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ጎህ ሳይቀድ የጨው ጆንያ ላይ ወጥተናል። ሦስት ነን፤ ከባድ መኪና ሲነዱ አርጅተው ጡረታ የወጡት አጎቴ ጋሼ ታደለ፣ እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ፣ እና መብረቅ የሚባለው ቀይ ውሻ። ጨው የጫነው መኪና ወደ ወለጋ ነው የሚሄደው። ሹፌሩ የጋሼ የድሮ ወዳጅ ስለሆነ እስከ ቡሬ ሊያደርሰን እሽ ብሏል። ጋቢና ውስጥ ትርፍ ቦታ ነበር። ብርድ እየጠበሰን ላይ የተቀመጥነው ለመብረቅ ስንል ነው፤ መብረቅ ጣራ ካለው ነገር ውስጥ አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ፣ በዚህ የደርግ ዘመን እንደ ብዙ ሰው፣ አንድ ማለዳ ተወሰደ። ቤቱ ሲታሸግ ውሻው ውስጥ መቅረቱን ልብ ያለ አልነበረም። እኛ ሰምተን፣ ደጅ ጠንተን፣ እሽጉን እስክናስነሳ ድረስ መብረቅ ጨለማ ውስጥ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ዶፍ ቢወርድ እንኳ ደጅ ነው የሚያድረው።

ደሳለኝ የታሰረው ፍኖተ ሰላም ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሄጄ፣ ዘመድ ቤት አድሬ፣ እሁድ ስንቅ አቀብዬ እመለሳለሁ። ስለ እናታችን ሲጠይቀኝ «እግሯን ተሰብራ ነው እንጂ ደህና ናት» እለዋለሁ፤ አያምነኝም። እናታችን እግሯ ተሰብሮ ከተኛች ከርማለች፤ ልትጠይቀው አልቻለችም። እሱ መቅረቷን ሲያይ ሞታለች ብሎ ደመደመ። አይፈረድበትም። እኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው መርዶ ይደበቃል፤ ቀብረን በመጣን ማግስት «ሁሉም ደህና ነው» ብለን ፈገግ ማለት እናውቅበታለን። ስለዚህ ስንሰነባበት ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ ይልካል፤ ለእሷ ግን አይልክም። ለሞተ ሰው ሰላምታ ማን ይልካል? እኔ ደግሞ ቤት ስገባ «እማዬን ሳሚልኝ ብሏል» እያልኩ ከራሴ እፈጥርላታለሁ።

ባለፈው ወር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «መብረቅስ?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «እንግዲያው አምጭና አሳይኝ። እሱን በዓይኔ ካየሁት፣ ሌላውንም አምንሻለሁ።»

ውሻ በአውቶቡስ አይሳፈርም፤ ቢፈቀድለትም መብረቅ አይገባም። ስለዚህ እቁቤ ሲወጣልኝ ጣራዋ የሚከፈት አሮጌ መኪና ፍለጋ ተነሳሁ። ጋሼ አጠያይቀው በመንገዳችን ላይ ሁለት አግኝተዋል፤ አንዷ መራዊ፣ አንዷ ቡሬ አጠገብ።

ረፋድ፣ መራዊ

መንገዱን በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለካ ያየሁት ግማሹን ነው! ከጆንያው ላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ በአራቱም ማዕዘን ይከፈታል። ገና ያልታጨደው ጤፍ ንፋሱ ሲነካው ከመንገዱ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ ይተኛል፣ ተመልሶ ይነሳል። ተማሪዎቼን «ደጋ፣ ወይና ደጋ» እያልኩ ሳስጽፋቸው የኖርኩት ይሄን ነው? አፈርኩ። መብረቅ አፍንጫውን ለንፋሱ ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኗል።

መራዊ ላይ ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ሲወርድ እኛ የእህል ነጋዴው ግቢ ገባን። መኪናዋ ውሃ ሰማያዊ፣ ጣሊያን ሠራሽ፣ እንደ ሙሽራ የተወለወለች ናት። ወደድኳት። ነጋዴው ሸራዋን ወደ ኋላ ሲያጥፈው መሃል ላይ ሸራው ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ትንሽ ዘይት ነው የሚያስፈልጋት» አለ ነጋዴው።

«ዘይት አይደለም፤ ብረቱ ተጣሟል» አሉ ጋሼ ጎንበስ ብለው።

መብረቅ በሩ አጠገብ ደርሶ ግማሹን ሸራ ሽቅብ አየው። ጭራውን እግሩ መሃል ከተተና መሬት ላይ ተኛ። ሥጋ ብናሳየው፣ ብንለምነው፣ ብንጎትተው ወይ ፍንክች።

«እንዴ! መኪና የምትገዙት ለውሻው ነው?» አለ ነጋዴው።

«አዎ» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው። «ገንዘቡ የእሷ ነው፤ የሚመርጠው ግን እሱ ነው።»

ከሰዓት በኋላ፣ ቡሬ

ወተት ዓባይ ድልድይ ላይ ግልገል ዓባይን ቁልቁል አየሁት። ዳንግላን አለፍን። ኮሶበር ላይ ብርዱ አጥንት ገባ፣ ቀርከሃው ጉም ለብሶ ቆሟል፤ ከጥሊሊ ወዲህ ደግሞ ፀሐይዋ ተመልሳ አቀፈችን። በአንድ ቀን መንገድ ይህን ሁሉ አገር! አፌን ከፍቼ ነው የሄድኩት፤ አቧራውም ገባበት።

ቡሬ ስንደርስ ምድሩ ቀልቷል። የበርበሬ መስጫ ወር ነው። በየደጃፉ፣ በየሰሌኑ፣ በየጣራው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ቅላት አይቼ አላውቅም። ሹፌሩን አመስግነን በእግራችን ወደ አያ አለኸኝ ቤት አቀናን።

አያ አለኸኝ ከአገው ወገን የሆኑ ገበሬ ናቸው። ድሮ እሳቸው ቤት ተከራይቶ የነበረ የመንገድ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ለኪራዩና ለበላው ማር መኪናዋን በሕጋዊ ወረቀት ለቆላቸው ሄደ። ከግቢው ጀርባ ወሰዱንና «ያቻትላችሁ» አሉ።

መኪናዋ አፏ ድረስ በርበሬ ተሞልታለች። የፊት ወንበር በርበሬ፣ የኋላ ወንበር በርበሬ፣ መሪው ላይ ሳይቀር የበርበሬ ዛላ ተንጠልጥሏል።

«ዶሮ አይደርስበት፣ ፍየል አይደርስበት» አሉ። «ማታ በቆዳ ጀንዲ እሸፍናታለሁ። ከዚች የተሻለ ማስጫ ከየት አመጣለሁ?»

«ጣራዋስ?» አልኩ።

«ሸራውን አይጥ ጨረሰው። ብረቱን ለበር ማጠፊያ አደረግሁት።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ከኋላችን ሳቁ። «ኧረ በሞታችሁ ውሰዱልኝ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያስነሷትና ቁጭ ይሉባታል። ወዴትም አይሄዱ። በርበሬው መሃል ተቀምጠው ድምጧን ይሰማሉ።»

«ድምጧ ደስ ይለኛላ!» አሉ አያ አለኸኝ።

በርበሬው በእንቅብ ወጣ። ግቢው በሙሉ አነጠሰ። ጋሼ ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ዓይናቸው እያነባ ስለነበር ተደስተው ይሁን ተቃጥለው አልለየሁም።

«ጤነኛ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ፣ ጣራዋ የሚከፈት ነበር ያልሽኝ። ይች እኮ ጭራሽ የላትም። ክረምት ሲገባስ?»

«ዣንጥላ እይዛለሁ፣ ጋሼ።»

መብረቅ ቀረበ። አሸተታት፣ አነጠሰ፣ እያለቃቀሰ ሮጦ ከአጥሩ ሥር ተወሸቀ። ልቤ ወደቀ። ከዚህ ሌላ መኪና የለም፣ የማሳየው ውሻ የለም፣ ወንድሜም እናቱን በልቡ እንደቀበረ ሊኖር ነው ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ መብረቅ ተመልሶ መጣ። አንዴ ዞራት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ሰማዩ ላይ ምንም የለም። እያነጠሰ ዘሎ ኋላ ወንበር ላይ ወጣና ተቀመጠ።

አያ አለኸኝ የሁለት ደህና በሬ ዋጋ ነበር ያሉት። አልተከራከርኩም። ማምሻውን ከመሸኛ ጠላው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አስነስተው ተቀመጡባት፤ እኛም ጠበቅናቸው፤ እዚያው አደርን።

እሁድ ጠዋት፣ ወደ ፍኖተ ሰላም

መኪና መንዳት ጋሼ ጭድ ሜዳ ላይ ነው ያስተማሩኝ። ጣራ የሌላት መኪና ስነዳ ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ከራሴ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። የታጨደ ጤፍ ይሸታል፣ ባሕር ዛፍ ይሸታል፣ ጉሙ ሲያልፍብን ፊቴን ያርሰዋል። አንድ ጭልፊት ክንፉን ዘርግቶ በላያችን አብሮን ሲሄድ ሆዱ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አየሁ። ጋሼ፣ ዕድሜያቸውን መንገድ ላይ የጨረሱት ሰውዬ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔ ይሄን መንገድ አላውቀውም» አሉ። አለቀስኩ። በርበሬው ነው አልልም፣ እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ከውበቱ የተነሳ አለቀስኩ።

ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ነጠላውን እያስተካከለ ዳር ይይዛል። ሴት ትነዳለች፣ ውሻ ከኋላ እንደ ሹም ተቀምጧል። ማንኩሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ትኩር ብለው አዩንና፣ «ውይ ልጄ፣ ክዳንሽን ንፋስ ወሰደብሽ?» አሉ ከልባቸው አዝነው።

ፍኖተ ሰላም መግቢያ ኬላው ላይ ጠባቂው ሊፈትሽ ጭንቅላቱን ወንበሮቹ መሃል አስገባ። ወዲያው አስነጠሰው። ደገመው። ሠለሰው። «ሂዱ! ሂዱልኝ!» አለ በእጁ እያራገበ።

እኩለ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም

ጠያቂ የሚቆመው ከሽቦው አጥር ወዲህ፣ ከገመድ ጀርባ ነው። ውሻ ይዞ መጠጋት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ አቆምኳት። ጋሼን ከመብረቅ ጋር ትቼ አገልግሌን ይዤ ተሰለፍኩ። 

ደሳለኝ መጣ። ከስቷል። እኔን ከማየቱ በፊት በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ወደ መንገዱ አየ።

ኋላ ወንበር ላይ መብረቅ ቆሟል። ጣራ የለም፣ መስኮት የለም፣ የሚጋርደው አንዳች ነገር የለም። ከጆሮው እስከ ጭራው ይታያል።

ወንድሜ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ዘቡ ዞረ። መብረቅ ጆሮውን አቆመ፤ ቀጥሎ ያሰማውን ድምፅ ጩኸት ልበለው ልቅሶ አላውቅም። ጋሼ አንገቱን አቅፈው ባይዙት ኖሮ ሽቦውን ጥሶ ይገባ ነበር። ተሰልፎ የነበረው ጠያቂ ሁሉ ወደ መኪናዋ ዞረ። ዘቡም አየ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ደሳለኝ ዓይኑን ከመብረቅ ነቅሎ ወደ እኔ መለሰ። ከዚያ፣ «የእማዬ እግር እንዴት ሆነ?» አለኝ።

እግሯን ጠይቆ አያውቅም ነበር። «በምርኩዝ መቆም ጀምራለች» አልኩት።

«እሽ» አለ። ሰዓት አለቀ ተባለ። ሊገባ ዞሮ ተመለሰና ሽቦውን ያዘ። «እማዬን ሳሚልኝ።»

ማታ፣ ባሕር ዳር

ስንገባ መሽቷል። ጆሮዬ ውስጥ ንፋሱ ገና ይነፍሳል። እናቴ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እንደ ወትሮዋ፣ «ምን አለ ልጄ?» አለችኝ።

 ስንት ሳምንት ስፈጥር የኖርኩት ቃል ዛሬ እውነት ሆኖ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

እሷም ጉንጬን አሸተተችና አነጠሰች።