ባለቤቴን የሚያጥብ ሰው የጠፋ ዕለት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ ባለቤቴ ሰይድ በሞተበት ቀን ነው። ሐዘኑ ቀስ በቀስ ቀለል ይልሻል ብለውኝ ነበር። እውነትም እየለመድኩት ነው። ያልለመድኩት ንዴቱን ነው። የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ። ይህን ጽሑፍ እንኳ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አላውቅም።

የምንኖረው ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰፋሪዎች በሚበዙበት መንደር ነው። ወላጆቻችን በድርቁ ዘመን ከወሎ ሲመጡ እኔም ሰይድም ሕፃናት ነበርን። ከወሎ ይዘውት ከመጡት ነገር አንዱ ቅሬ ነው፤ ከተሜው እድር የሚለው። ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ ቃሬዛ አለው፣ የሬሳ ማጠቢያ አልጋ አለው። አጣቢዎችም አሉት። እኛ ሙስሊሞች ሬሳ ሳናጥብ አንቀብርም። ወንዱን ወንዶች፣ ሴቷን ሴቶች ያጥባሉ። አጣቢ የሚሆነው ቅሬው ያመነው፣ ያየውን ገመና ለሰው የማያወራ ሰው ነው።

ሰይድ አሥራ ስምንት ዓመት አጣቢ ነበር። በአተት የሞተውን አጥቧል። ወንዝ ወስዶት ሦስት ቀን ቆይቶ የተገኘውን አጥቧል። የቅሬያችን ሰብሳቢ የአያ ይመር አባት ሲሞቱ ያጠባቸው እሱ ነው። ከቀብር መልስ ገላውን ታጥቦ ይቀመጣል። ማን ምን ይመስል እንደነበር አንድ ቀንም ነግሮኝ አያውቅም።

እኔና ሰይድ ሁለታችንም የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማችን አለ። ከማን መጣ የሚለውን እኔና እሱ በጊዜው ተነጋግረን ጨርሰነዋል፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ነገር የለም። መድኃኒታችንን ከአሶሳ እየወሰድን፣ እያረስን፣ ልጃችንን እያሳደግን ብዙ ዓመት ኖረናል። ለመንደሩ ሰው ግን አልተናገርንም ነበር።

የተናገረው ሰይድ ነው፤ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት። አያ ይመር የቀበሌው የኤች አይ ቪ ኮሚቴም ሰብሳቢ ናቸው። ሥልጠና ወስደው መጥተው ቅሬውን ሰበሰቡ። «ማኅበረሰቡ ካልተሳተፈ ይህ በሽታ አይጠፋም። በመካከላችን ቫይረሱ ያለበት ካለ አይፍራ። ወንድማችን ነው፣ እህታችን ናት፣ እስከ መጨረሻው ከጎኑ ነን» አሉ። ሰይድ ከኋላ ተነሣ። «እኔ አለብኝ» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አያ ይመር አቅፈው ሳሙት። ከዚያ በኋላ ቲሸርት አልብሰው እስከ መንጌ ድረስ እየወሰዱ አስተማሩበት። «የእኛ ቅሬ ጀግና» ይሉት ነበር።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሬሳ እንዲያጥብ የጠራው ሰው የለም። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሞቱ። ሰይድ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በራፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሳይጠሩት ሽማግሌው ታጥበው ተቀበሩ። «ረስተውኝ ይሆናል» አለ። ሁለተኛ ሰው ሞተ፤ አሁንም አልጠሩትም። «ወጣቶቹ ይልመዱ ብለው ነው» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያኔ መጮህ ነበረብኝ። በሰው ላይ የምናደደውን ያህል በዚህ ዝምታዬ በራሴ እናደዳለሁ።

ሰይድን የገደለው ደም ግፊት ነው። ነርሷ ከሁለት ወር በፊት «ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፣ ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ብላው ነበር። አንድ ቀን ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዶ ሲነሣ ራሴን አለና ወደቀ። መኪና ተፈልጎ ሳይገኝ ነፍሱ ወጣ።

የቅሬው ሰው ወዲያው መጣ። ውሸት አልናገርም፤ ድንኳን ለመትከል ማንም አልሰነፈም። መቃብር ለመቆፈር የሄዱት ላባቸውን እያፈሰሱ ቆፍረዋል። ሴቶቹ ንፍሮውን ጥደዋል። የማጠቢያው አልጋ መጣ፣ የመገነዣው ጨርቅ፣ ከፈኑ ተዘጋጀ፣ አራት ጀሪካን ውሃ ከጓሮ በኩል ተደረደረ። ሬሳው ቶሎ ታጥቦ ለቀትሩ የዙህር ሶላት መድረስ ነበረበት። ግንቦት ነው፣ ሙቀቱ ከባድ ነው።

አጣቢዎቹ አራቱም እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አልተነሡም። አንዱ ወገቡን እንደሚያመው ተናገረ። አንዱ ጣቱ ላይ እሾህ ወግቶት ነበርና እሱን ለሰው ያሳያል። ሦስተኛው «እገሌ ከገበያ ይምጣ» ይላል። አራተኛው ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ፤ ቀብሩ እስኪያልቅም አላየሁትም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰምታ አንድ ካርቶን ጓንት ይዛ መጣች። «ጣቱ የቆሰለው ይቅር። ሌላው ጓንት አድርጎ ይጠብ፤ ምንም አያደርጋችሁም። እናንተ ራሳችሁ ስታስተምሩት የነበረ አይደል እንዴ?» አለቻቸው። ጓንቱን ተቀብለው አመሰገኗት። ካርቶኑን ከጀሪካኖቹ ጎን አስቀምጠው ተመልሰው ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ አያ ይመር ሴቶች ወዳለንበት መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ከድጃ፣ ነገሩን አናክብደው። ተየሙም ይደረግለት። ዲኑም ይፈቅዳል። ከዚያ ለጥንቃቄ በላስቲክ ጠቅለል እናደርገውና ከፈኑን ከላይ እናለብሰዋለን» አሉኝ።

ተየሙም ውሃ ሲታጣ ወይም ሰውነቱ ውሃ የማይችል ሲሆን በአፈር የሚደረግ ነው።

«አያ ይመር፣ ውሃ ጠፍቶ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ ውሃስ ሞልቷል።»

«ጓንትስ?»

«ጓንትም አለ።»

«ታዲያ ምን ጠፋ?»

ዐይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። እኔ ብድግ አልኩ። ሐዘንተኛ አይጮኽም ይላሉ፤ እኔ ጮኽኩ።

«አባታችሁን በእጁ ያጠበ ሰው ነው! እንደ ማዳበሪያ በላስቲክ ልትጠቀልሉት ነው? ስታጨበጭቡለት ጓንት አድርጋችሁ ነበር? ተዉት፣ እኔ አጥበዋለሁ። ሚስት ባሏን ማጠብ እንደምትችል ሼሁ ነግረውናል።»

«ኧረ ተይ በአላህ! ወንዱ ሞልቶ ሴት ገባች ቢባል ቅሬውን ታሰድቢያለሽ» አሉ።

«ቅሬውማ ተሰድቦ አልቋል» አልኳቸው።

ግን እውነቱን ለመናገር ለብቻዬ አልችልም ነበር። ሰይድ ግዙፍ ሰው ነው። የሚገለብጠው፣ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ሴቶቹን አየሁ፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። ማልቀስ ማንንም አይቸግርም። አንዲት ልጃችን ያገባችው ቶንጎ ነው፤ ገና መንገድ ላይ ነበረች።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ማንጎ የጫነች አህያ እየነዳ በመንገዱ አለፈ። ድንኳኑን አይቶ ቆመና አህያዋን ከአጥሩ ጋር አስሮ ገባ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ ነጭ ቆብ አድርጓል። አላውቀውም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፋቲሓ አድርጎ፣ የተሰጠውን አንድ ጣሳ ውሃ ጠጣ። ከዚያ የሟቹን ስም ጠየቀ። ሲነግሩት «ሰይድ? ሰይድ ረጅሙ?» አለና ራሱን ያዘ።

ወዲያው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ለምን ተቀመጠ ሰው? ጀናዛ ታጠበ?»

ጀሪካኖቹን አየ፣ ጓንቱን አየ፣ ሰዎቹን አየ። ገባው መሰለኝ። እጅጌውን ሰበሰበ።

«እኔ ያጥባል። አባቴን አጠበ፣ ወንድሜን አጠበ፣ እኔ ያውቃል» አለ።

አያ ይመር ተጠግተው በሹክሹክታ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ እንግዳ ነህ። ሰውዬው ምን እንደነበረበት አታውቅም» አሉት።

«አውቃለሁ» አለ ሰውዬው፤ ድምፁን አልቀነሰም። «እኔም አለብኝ። እኔና ሰይድ አሶሳ አንድ ቀን ነው መድኃኒት የሚወስድ። ወረፋ ላይ እሱ ለኔ ቦታ ይይዛል፣ እኔ ለሱ ማንጎ ያመጣል። ስድስት ዓመት። አሁን የት ነው ያለው?»

አንዲት ሴት የጠጣበትን ጣሳ በሁለት ጣቷ አንሥታ ወስዳ አጥር ሥር ስታስቀምጥ አየሁ። እሱም አይቷል።

ወደ እኔ መጣና «እናት፣ አንተ ሚስቱ ነህ?» አለኝ። ብዙ የበርታ ሽማግሌዎች አማርኛ ሲናገሩ ለሴትም እንደዚህ ነው የሚሉት። «ነኝ» አልኩት። «በቃ፣ አታልቅስ። አንተ ውሃ ያፈሳል፣ እኔ ያጥባል።» ስሙን የጠየቅኩት ወደ ጓሮ ስንሄድ ነው። አጠይብ እባላለሁ አለኝ።

ጓንት አደረገ፣ ለእኔም ሰጠኝ። ሁለታችን አጠብነው። ቀስ ብሎ፣ እንደተኛ ሕፃን ደግፎ፣ ዱዓውን በአረብኛ እያነበነበ አጠበው። ሌላውን አልጽፍም። ሰይድም ያጠበውን ሰው አያወራም ነበር።

ከፍነን ስናወጣው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። የዙህር ሶላት አምልጦ ነበርና ከሰዓት በኋላ ባለው የዐስር ሶላት ተሰገደበት። ያኔ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጠዋት ወገቡን ያመመው ሰው ቃሬዛውን ለመሸከም ከፊት ተሻማ። ጣቱን እሾህ የወጋውም ተሸከመ። ሬሳ መሸከም ከአላህ ዘንድ አጅር አለው፣ ሰውም ያያል። የታጠበ፣ የተጠቀለለ ሬሳ ማንም አይፈራም።

አጠይብ በአርባው ቀን መጣ፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማንጎ ይዞ። እኔ ስለ እሱ ስጨነቅ ከርሜ ነበር። የተናገረው ነገር ገበያ ለገበያ ዞሮ ሆሞሻ መድረሱን ሰምቻለሁ። «በእኛ ምክንያት ተጎዳህ» አልኩት። ሳቀ። «ሦስት ቀን ማንጎ አልገዛም ሰው። አራተኛ ቀን መጣ። የኔ ማንጎ ጣፋጭ ነው፣ ምን ያድርግ?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና ሚስቱ ግን ወደ ወላጆቿ ቤት ሄዳ እንደነበር፣ አሁን እንደተመለሰች ነገረኝ። ለአንድ የወረፋ ጓደኛው ያን ሁሉ ከፍሏል። የእኛ ሰዎች ሠልጥነውም አንድ እርምጃ አልሄዱም።

ዘንድሮ ደግሞ አያ ይመር ቤቴ መጡ። ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ፣ ስለ ማኅበረሰቡ ሚና ውይይት አለ፣ «አንቺም ቆመሽ ብትናገሪ፤ የሰይድ ቦታ ባዶ እንዳይሆን» አሉኝ። መጀመሪያ በሩን ልዘጋባቸው ነበር። አስቤበት ግን ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ስልሳ የምንሆን ሴቶች በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠናል። እንግዶቹ ስለ ምርመራ፣ ስለ መድኃኒት ተናገሩ፤ መልካም ነው። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ።

«እኔም ቫይረሱ አለብኝ» አልኩ። ጭብጨባ ጀመሩ። «አታጨብጭቡ» አልኩ። አቆሙ። «አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። እኔም አንድ ቀን እሞታለሁ። ስሞት የምታጥበኝ ማን ናት? እጇን ታውጣ።»

አያ ይመር ተነሥተው «እሱ ለስብሰባ የሚሆን ጥያቄ አይደለም፣ እንግዶች ፊት…» አሉ። ከእንግዶቹ አንዷ ሴት «ይተዉአቸው» አለቻቸው። ቆሜ ጠበቅኩ። ሴቶቹ ወይ ጥፍራቸውን ያያሉ ወይ ልጅ ያቅፋሉ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። ቀጥሎ እንደ እህቴ የምቀርባት ጎረቤቴ። ቀጥሎ ደግሞ በዚህ ዓመት ወደ መንደሩ የገባች፣ ስሟን እንኳ በደንብ የማላውቃት ልጅ እግር ሴት። ሦስት። ከስልሳ።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አያ ይመር ሽማግሌዎች ላኩብኝ። «ቅሬው አጥፍቷል፣ አውፍ በይን» አሉኝ። ይቅር ማለት ቀላል ነገር አይደለም። የተበደለው እኔ ብቻ ብሆን እንኳ አስብበት ነበር፤ የሰይድን ግን እኔ ልሰጣቸው አልችልም። ደግሞ ይቅርታ ብለው ሄደው በነጋታው ለሌላው ሟች በውሃ ፋንታ አፈር ሊያዘጋጁ ይችላሉ።

ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ «ይቅርታውን ለምሞትበት ቀን አቆዩት። የዚያን ቀን ሴቶቻችሁ ተነሥተው በውሃ ካጠቡኝ፣ ዙህር ሳያልፍ ካወጡኝ፣ አውፍ እንዳልኳችሁ ቁጠሩት።»

እስከዚያው ተናድጄ እኖራለሁ።