ፊሽካ ያልተነፋበት ሜዳ

ስልኩ ሲጠራ ከቤቴ ጀርባ ካለው የትምህርት ቤት ሜዳ ፊሽካ ይሰማ ነበር። ከደብረ ታቦር የደወለችው የድሮ ጎረቤታችን ናት። «የኳሱ መምህር አረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ቀባሪው ጥቂት እንደነበረ ነገረችኝ። አማተብኩ። ፊሽካው ግን አላቆመም፤ እዚህ ሞያሌ ልጆች ይጫወታሉ።

በደርግ ጊዜ የትምህርት ቤታችን ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። የጉና ብርድ ሳይለቅ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እንዳለ ልጆቹን ያስሮጧቸዋል፤ የላብና የተረገጠ ሣር ሽታ እስከ አጥሩ ይደርሰን ነበር። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ፊሽካ የሰማ፣ ጉርሻ በእጁ ቢሆን እንኳ አስቀምጦ ይመጣል። በረኛቸው ወንድሜ ነበር። እናቴ ስትጠራው የማይሰማው ልጅ ለፊሽካ አጥር ሲዘል፣ «እኔም ፊሽካ ልግዛ እንዴ?» ትል ነበር።

ለጦርነቱ አፈሳ ሲመጣ ተጫዋቾቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ውስጥ ተሸሸጉ። አንድ ካድሬ ሜዳው ድረስ መጥቶ ተጫዋች እንደማይነካ፣ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር እንደሚፈለጉ ለመምህሩ ቃል ገባላቸው። ለወንድሜ ቆሎ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበርና በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አመኑት። ልጆቹ ከብርድ ወጥተው ቤታቸው የሚገቡ መስሏቸው የመምህሩ ፊት በራ። ፊሽካቸውን ነፉ።

ከጥዱ ሥር እየሮጡ ወረዱ፤ አንድም የቀረ የለ። ኦራል የወታደር መኪና ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ቆሞ ኖሯል።

ሁሉም ሲጫኑ መምህሩ አብረው ሊሄዱ መኪናው ላይ ተንጠላጠሉ፤ ወታደሮቹ ገፍተው ጣሏቸው። ያኔ ወንድሜ ከላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ይቺስ ኦፍሳይድ ናት፤ ዳኛ የለም እንጂ» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

መምህሩ ጡረታ እስኪወጡ በጭብጨባ ብቻ አሠለጠኑ። ከተማው ግን «ልጆቹን የሸጠ» አላቸው። እናቴ ከቅዳሴ ስንወጣ ፊቷን ታዞርባቸው ነበር። «የሸጠውን ሰው ልጅሽ ጋሼ ብሎ ይጠራል ወይ?» ብላት፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። በዚያው አረፈች።

መንገዱ ርቆኛል፤ ጉልበቴም እንቢ ብሏል። ከዚያ መኪና ላይ ወርዳችሁ በሕይወት የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ በእመቤቴ፣ በአርባቸው ቀን ሂዱልኝ። ጸበል ጻዲቁ ሳይቆረስ ተነሡና፣ ወንድሜ እንዴት ብሎ እንደጠራቸው ለሕዝቡ ንገሩልኝ።