«ባዶ» ብዬ የጻፍኩት ካሬ

የመጀመሪያውን ቀን ሥራ የገባሁት ኮትና ክራቫት አድርጌ ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ሥራውን የጠቆመኝ ሰው «ከአንድ እንግሊዛዊ ዶክተር ጋር፣ የአርኪዮሎጂ ሥራ» ሲለኝ ጠረጴዛና ወንበር ነው የታየኝ። ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። አውቶቡስ እየቀያየርኩ ስካርቦሮ ዳርቻ ስደርስ የጠበቀኝ የበቆሎ እርሻ የነበረ ጭቃ ሜዳ ሆነ።

ዶክተር ጄፍሪ ስድሳን ያለፉ፣ ጉልበታቸው ላይ የጎማ ቁራጭ ያሰሩ ቀጭን ሰው ነበሩ። ጫማዬን አዩ፣ ክራቫቴን አዩ። «የማን ሠርግ ነው?» አሉና አካፋ ሰጡኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች «ጄፍ» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። የእኔ አፍ ግን እምቢ ስላለኝ እስከ መጨረሻው «ዶክተር» አልኳቸው፤ አሁን ስጽፍም አንቱታዬን አልተውም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ኩባንያ እርሻ ገዝቶ ቤቶች ሊሠራበት ሲል፣ ከሥሩ የጥንት ሰዎች ሰፈር ወይም መቃብር እንዳለና እንደሌለ አስቀድሞ መታየት አለበት። የምናየው እኛ ነን። መሬቱን በችካልና በሲባጎ ካሬ በካሬ እንከፍላለን። የላዩን አፈር በአካፋ እናነሳለን። ከዚያ በኋላ አካፋ ክልክል ነው፤ ግንበኛ በሚይዘው ካዞላ አፈሩን እየላጩ መውረድ ብቻ። የወጣው አፈር በወንፊት ያልፋል። ገል ወይም የድንጋይ ስለት ከተገኘ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ቁጥር ይጻፍበታል። እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ወረቀት አለው፤ የቆፈረው ሰው ሞልቶ ይፈርማል፣ ከሥሩ ዶክተር ይፈርማሉ።

ወረቀቱ የሚሞላው በእርሳስ ነው፤ እርሳሱ ግን ላጲስ የለውም። ዶክተር ላጲሱን በጥርሳቸው ነቅለው ነው እርሳሱን የሚያድሉን። «ስትሳሳት በአንድ መስመር ሰርዘው፤ የተሳሳትከውም ይነበብ» አሉኝ። አገር ቤት የመሬት ቀያሽ ረዳት ነበርኩ። እዚያ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ይዞ አለቃ ፊት መቅረብ ነውር ነው። ነገሩ ባይዋጥልኝም እርሳሱን ተቀበልኩ።

በመጀመሪያው ዓመት የማየው አፈር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዶክተር አጠገቤ ተንበርክከው በተላጨው መሬት ላይ ውሃ ረጩ። ቡናማው አፈር ላይ ጠቆር ያለ ክብ ወጣ። «ይህ የቤት ምሰሶ ነበር። እንጨቱ በሰበሰ፣ ጥላው ቀረ» አሉ። ቀና ብዬ ስቃኝ ክቦቹ ተሰልፈው ታዩኝ፤ አንድ ሙሉ ረጅም ቤት። ያን ቀን ክራቫቴን ይቅር አልኩት።

በሁለተኛው ዓመት እሳቸው ያላዩትን ጥላ እኔ አሳየኋቸው። «ከእኔ ዓይን ያንተ ይሻላል» አሉና ከዚያ ወዲህ የእኔን ወረቀት ሳያነቡ ይፈርሙ ጀመር። ደስታዬን ለሚስቴ ለሰብለ ስነግራት ተነፋፍቼ ነበር። በዚህ አገር እንዲህ ያመነኝ ሰው አልነበረም።

ዝናብ ሲጥል ሥራ ይቆማል፤ ፒክአፑ ውስጥ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። የሕይወታቸውን ነገር የሰማሁት እዚያ ነው። የእንግሊዝ ሰሜን ተወላጅ፣ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናቸው። «አባቴም ቆፋሪ፣ እኔም ቆፋሪ። ልዩነታችን እኔ ፀሐይ ማየቴ ነው» ይላሉ።

በወጣትነታቸው ሱዳን ሄደው ነበር። አባይ ዳር ግድብ ሊሠራ፣ መንደሮችም ሊሰምጡ ስለነበር፣ መቃብር ቆፍረው አጥንቶቹን በሣጥን ወደ ለንደን ላኩ። በዚያ ሥራ መጽሐፍ ጻፉ፣ ዶክተር ተባሉ፣ ቶሮንቶም ለማስተማር ተጠሩ። ኋላ ማስተማሩ ሰልችቷቸው ወደ ጭቃው ተመለሱ።

«የመንደሩ ሽማግሌ መጥተው ‹ሰዎቻችን መቼ ይመለሳሉ?› አሉኝ» ሲሉ ነገሩኝ። «‹በቅርቡ› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ለንደን፣ አንድ ሙዚየም ምድር ቤት ናቸው። እስከ ዛሬ ሣጥናቸው ውስጥ።» የመኪናውን መስታወት በእጅጌያቸው ጠረጉ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ወርደን ሥራ ቀጠልን።

በሦስተኛው ዓመት፣ የአንድ ትልቅ ሜዳ ቁፋሮ በሚያልቅበት ዓርብ፣ ካሬ አርባ ሁለት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ካዞላዬ ስር አንድ ሞላላ ጥላ ወጣ። በብሩሽ ጠረግ ሳደርገው የሕፃን መንጋጋ ሆነ። የወተት ጥርሶቹ እንዳሉ ነበሩ።

ደንቡን አውቀዋለሁ፦ ቁም፣ አትንካ፣ አለቃህን ጥራ። የታየኝ ግን ደንቡ ሳይሆን ሣጥኑ ነው። ይህን ልጅ ቁጥር ጽፈውበት ምድር ቤት ሲያስቀምጡት ታየኝ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው የሚደረገው የመጨረሻ ነገር አፈር ማልበስ ነው። አማተብኩ፣ «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ አፈሩን በእጄ መለስኩበት። ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ዶክተር እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ። ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሜዳው ንጹሕ ነው የሚለው ሪፖርት ለኩባንያው ሄደ።

ቅዳሜ ከሰብለ ጋር የሕንፃው ሎንድሪ ክፍል ልብስ ስናጥፍ አንድ ካልሲ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆነሃል? ሲክ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አድርጌያለሁ ብዬ የምኮራበት ነገር ስለነበር የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንሶላውን አስቀመጠችው።

«ሰኞ ቡልዶዘር ይገባል አላልከኝም?»

«ይገባል።»

«ታዲያ አንተ ልጁን አፈር አላለበስክም። ለቡልዶዘር ደብቀህለት ነው የመጣኸው።»

ይህን እንዴት እንዳላሰብኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሥራዬን እንደማጣ ነገርኳት።

«ፋየር ያደርጉህ እንደሆነ ያድርጉህ፤ ሌላ ጆብ ይገኛል። አሁኑኑ ኮል አድርግላቸው።»

ደወልኩ። ዶክተር እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ካሬ ስንት?»

«አርባ ሁለት።»

«ባዶ ብለሃል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለምን?»

«ሣጥን ውስጥ እንዳይገባ።»

«ሰኞ ከቡልዶዘሩ ቀድመህ ድረስ» አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

ሰኞ ጠዋት የኩባንያው ኃላፊ ቡልዶዘሩ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ ደረሰብን። «ጄፍ፣ ንጹሕ ነው ብለህ ፈርመሃል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ፈርሜያለሁ። ፊርማዬን አንስቻለሁ።»

«ማን ነው የተሳሳተው?»

ወደፊት ራመድ አልኩ። ዶክተር ክንዴን ያዙኝ። «ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉት።

«እንግዲያው ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«ፈልጉ። አሁን ግን ያንን ሞተር አስጠፋልኝ።»

ሞተሩ ጠፋ። በሕጉ መሠረት ፖሊስ መጣ፤ አጥንቱ የጥንት መሆኑ ሲረጋገጥ ለመሬቱ ቀደምት ሕዝቦች ተነገረ። በሳምንቱ ከእነሱ ወገን አንዲት አሮጊት መጡ። ካሬው አፍ ላይ ብዙ ከቆሙ በኋላ «መጀመሪያ ያየው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግህ?»

«አፈር መለስኩበት።»

«ከዚያስ?»

«ባዶ ብዬ ጻፍኩ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «የመጀመሪያው ደግ ነበር» አሉ። ስለ ሁለተኛው ራሴ እንዳስብ ተዉኝ።

እሳቸውና ወገኖቻቸው ልጁ እዚያው እንዲተኛ ወሰኑ። ኩባንያው ከዕቅዱ ሁለት ቤት አጎደለ፤ ቦታው ዛሬ ሣር ነው። እኔን ከሥራ ያባረረኝ የለም። ኩባንያው ግን ዶክተር ጄፍሪን ከዚያ ወዲያ አልጠራቸውም፣ ሌሎቹ ኩባንያዎችም ወሬውን ሰምተው ሥራ ነፈጓቸው። በዚያው ዓመት ካዞላቸውን ሰቀሉ። በእኔ ምክንያት ነው፤ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ ይህም ከወቀሳ በላይ ከበደኝ።

ቤታቸው ስጠይቃቸው ደብዳቤ ሲጽፉ አገኛቸው ነበር፤ ወደ ለንደን፣ ስለ ሣጥኖቹ። መልሱን ሳያዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ አፈር ካለበሷቸው አንዱ ነኝ።

እኔ ከሌሎች አለቆች ጋር ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቆፈርኩ። ለአዲስ ሠራተኛ ላጲስ የሌለው እርሳስ ስሰጥ፣ አብሬ የካሬ አርባ ሁለትን ወረቀት ቅጂ አሳይ ነበር። ያን ሰኞ ዶክተር ቆመው እያዩኝ በራሴ እጅ ያረምኩት ነው። «ባዶ» የሚለው ቃል በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ ይነበባል። ከላዩ «የሕፃን መቃብር። ዓርብ አየሁ፣ ሸፈንኩ፣ አልተናገርኩም» ይላል።

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ አፈር መልስ።